የሚዞረው ጠቦት፣ ለጥጃዋ ያልደረሰው እንገርና የታጠረው መሬት

በሰሜን ሸዋ ደጋ ወረዳዎች 31 ዓመት በእንስሳት ጤና ባለሙያነት ሠርቻለሁ። ከዚያ በፊት መንዝ ውስጥ የእናቴን በጎች የምጠብቅ እረኛ ነበርሁ። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱን እመልሳለሁ። የመጀመሪያውን ረዘም የማደርገው፣ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስናገረው ኖሬ ጥቂት ሰው ብቻ የሰማኝ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው መሐል ሜዳ አጠገብ ነው፤ 23 በጎች አሉኝ። ከጥቅምት ወዲህ ሦስት ጠቦቶች አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን አዘንብለው ባሉበት መዞር ጀመሩ። መንጋውን አይከተሉም፤ ከካብ ጋር ይላተማሉ፤ የአንዱ ዓይን የሚያይ አይመስልም። የአንደኛውን ግንባር በጋለ ብረት አስተኮስሁት፤ አልዳነም። ሁለቱን አርደን በላናቸው፤ አንዱ ገና አለ። ጎረቤቶቼ «አዙሪት ነው፣ መድኃኒት የለውም» ይሉኛል። እውነት የለውም? ሥጋውን መብላታችንስ ይጎዳን ይሆን?
(አንባቢ፣ ከመንዝ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሥጋው ጭንቀት አስቀድሜ ልገላግልህ። ሳይከሳና ሳይወድቅ የታረደ ከሆነ የአዙሪት በግ ሥጋ አይጎዳችሁም። ነገር ግን ከሁሉም የሚበልጠውን ሳትጽፍልኝ ቀርተሃል። የሁለቱ ጠቦቶች ጭንቅላት የት ደረሰ?

በእናቴ ቤት የነበረውን አውቃለሁ። በግ ሲታረድ ቆዳው ለአጎዛ ይወጠራል፤ ሥጋው ቤት ይገባል፤ ጭንቅላቱ ደግሞ ከበሩ ሥር ተኝቶ ለሚጠብቀው ውሻ ይወረወራል። ለታመመ በግ ጭንቅላትማ የሚሳሳ ማን አለ? በልጅነቴ እኔም በእጄ ወርውሬአለሁ። በሽታውን ከዓመት ወደ ዓመት የሚያሻግረው ይህ ውርወራ ነው።

ጠቦቱን የሚያዞረው በአንጎሉ ውስጥ ያደገ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው። መጀመሪያ ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም፤ ሲቆይ የዶሮ እንቁላል ያህላል። ብታየው ስስ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሩዝ ስባሪ የመሰሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች በዘለላ በዘለላ ተለጥፈዋል። እያንዳንዷ ነጠብጣብ የአንድ ትል ራስ ናት፤ በአንድ ከረጢት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ይኖራሉ። ውሻው ያንን አንጎል ጥሬውን ሲበላ ራሶቹ ከአንጀቱ ጋር ተጣብቀው ኮሶ ይሆናሉ። በ6 ሳምንት ገደማ እንቁላላቸው ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ሣር ላይ መውደቅ ይጀምራል። እንደ መንዝ ባለ ብርዳማና እርጥበታም ግጦሽ ላይ እንቁላሉ ወራት ሳይሞት ይቆያል። ጠቦቱ ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል፤ ከአንጀቱ በደም ተሳፍሮ አንጎሉ ይደርሳል፤ ከዚያም ምልክቱ እስኪታይ ሌላ ወራት ያልፋል። አንተ በጥቅምት ያየኸውን መዞር ወደ ኋላ ብትቆጥረው ፋሲካ አካባቢ ትደርሳለህ። ምናልባት ያን ጊዜ በመንደራችሁ የአንድ የታመመ በግ ጭንቅላት ለውሻ ተጥሎ ይሆናል።

መተኮሱን ተወው። ከረጢቱ ከአጥንት በታች ነው፤ ብረቱ የሚያቃጥለው ቆዳውን ነው፤ ለታመመው ጠቦት ሌላ ሥቃይ መጨመር ብቻ ነው። ከገበያ የሚገዛው የሆድ ትል ኪኒንም ያደገውን ከረጢት አያጠፋውም። አንዳንድ ጊዜ ከረጢቱ ወደ ላይ ሲጠጋ የራስ ቅሉ አጥንት ይሳሳና በአውራ ጣት ሲጫኑት ረገብ ይላል፤ እንዲህ ያለው በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል። በሥራ ዘመኔ አራት ጊዜ ሲደረግ አይቻለሁ፤ ሁለቱ ድነዋል። በአካባቢህ ይህን የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ከሌለ ግን የቀረውን ጠቦት ሥጋው ሳያልቅ እረደው።

ስታርደው ጭንቅላቱን አቃጥለው፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ ከማያወጣው ጥልቀት ቅበረው። ውሻህ በረት ሲጠብቅ የሚያድር ታማኝ ነውና ድርሻውን መንፈግ ከከበደህ በደንብ ቀቅለህ ስጠው፤ እሳት ያየ አንጎል ትል አያተርፍም። ከዚያ ለውሻህ ፕራዚኳንትል የሚባለውን ኪኒን አውጣለት፤ መጠኑ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 5 ሚሊ ግራም ነው። ኪኒኑ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ከግጦሹ ርቆ ይታሰርና የሚያወጣው ይቃጠል። በየ6 ሳምንቱ ቢደገም መልካም ነበር፤ ካልተቻለ በየ3 ወሩ አይለፍህ።

ይህ ሁሉ ያንተን ውሻ ብቻ ይዞ አይሆንም፤ የጎረቤትህም ውሻ በአንተው ግጦሽ ያልፋል። ጉዳዩን ዕድር ላይ አንሳው። አንድ ቀበሌ ውስጥ ሽማግሌዎቹ የበግ ጭንቅላት ጥሬውን ለውሻ የጣለ ሰው እንዲቀጣ በዕድራቸው ሕግ አስገቡት። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሼ መንጋ ለመንጋ ስዞር ውዬ ያገኘሁት የሚዞር በግ አንድ ብቻ ነበር። በዚያ ቀን የተሰማኝን ደስታ በምንም አልለውጠውም።

በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ብታገኙም እንዲሁ አድርጉ። እሱ የሌላ ኮሶ ነው፤ ውሻው ውስጥ ሲያድግ ከሩዝ ፍሬ አይረዝምም፤ እንቁላሉ ግን ከውሻ ወደ ሰው ተሻግሮ በሰው ጉበት ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። በበዓል ማግስት ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ መንገድ ላይ የምትጥሉ የአዲስ አበባ አንባቢዎቼ፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል።

ጥያቄ፦ አሥራ አምስት የመንዝ በጎች አሉኝ። ዓመት ከዓመት እያነሱ የሄዱ መሰለኝ። ከውጭ የመጣውን የአዋሲ በግ ዲቃላ አውራ ልግዛላቸው ወይስ ከራሴ መንጋ ላስቀር?
(አንባቢ፣ ከሞላሌ)

መልስ፦ አውራውን ከመግዛትህ በፊት ባለፈው ፋሲካ የትኛውን ጠቦት እንደሸጥህ አስታውስ። ፈጥኖ ያደገውን፣ ወገቡ የሰፋውን፣ ላቱ የሞላውን ነው የሸጥኸው፤ ጥሩ ዋጋ ያወጣው እሱ ነውና። ገዢ ያላየው ቀጫጫው ቤት ቀረ፤ የቀረው ሴቶቹን አጠቃ። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም መንጋው ማነሱ አይቀርም፤ ትልቁን ዘር ለገበያ፣ ትንሹን ለመንጋችን እያስቀረን ነው።

በ2001 ዓ.ም. ገደማ መንዝ ውስጥ ከተመራማሪዎች ጋር የዘር ማሻሻያ የጀመሩ አርሶ አደሮች ያደረጉት ይህንኑ መገልበጥ ነበር። የጠቦቶቻቸውን ክብደት ይመዘግባሉ፤ ፈጥነው ያደጉትን ለይተው ለአውራነት ያስቀራሉ፤ ዘመድ ዘመዱን እንዳያጠቃም አውራዎቹን በየመንጋው ያዘዋውራሉ። አንተም ከአራት አምስት ጎረቤቶችህ ጋር ይህን ማድረግ ትችላለህ፤ የሚያስፈልጋችሁ ሚዛንና ደብተር፣ ደግሞም ምርጡን ጠቦት በበዓል ዋዜማ ላለመሸጥ መጨከን ነው። የቀሩትን ወንዶች ቶሎ አኮላሽተህ አደልባቸው፤ ሙክት ሆነው የተሻለ ያወጣሉ።

የአዋሲው ዲቃላ ይገዝፋል፣ ፀጉሩም ብዙ ነው፤ ሆዱም እንዲሁ ሰፊ ነው። ድርቆሽና ፉርሽካ አዘጋጅተህ ልትመግበው ከቻልህ ግዛው። የምትተማመነው በግጦሽ ብቻ ከሆነ ግን ውርጩንና የሚያዝያን ረኀብ ችሎ የሚያድረው፣ ፀጉሩ ለባና የሚፈተለው የአያቶችህ በግ ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ አራት ድቅል ላሞች አሉኝ። ባለፈው ዓመት ከተወለዱት አራት ጥጆች ሦስቱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው በተቅማጥ ሞቱብኝ። በረቱን አጸዳለሁ፤ መድኃኒትም ሳልገዛ የቀረሁበት ጊዜ የለም። እንግዴ ልጁ ሳይወርድ ጥጃዋን አናስጠጋም። እንገሩም ወፍራም ስለሆነ ያስቀምጣታል ብለን ትንሽ ብቻ እናቀምሳታለን፤ ሌላውን ለቤተሰብ እንቀቅለዋለን። ምን አጎደልሁ?
(አንባቢ፣ ከሱሉልታ)

መልስ፦ እህቴ፣ የጎደለው እንገሩ ነው። ይህን ስጽፍልሽ አንቺን መውቀሴ አይደለም፤ ያደረግሽው እናቶቻችን ያደረጉትን ነው።

የሰው እናት ለፅንሷ የበሽታ መከላከያዋን ገና በማኅፀን ሳለ ታካፍለዋለች። የላም እንግዴ ልጅ ግን ይህን አያሳልፍም፤ ጥጃ ስትወለድ ባዶ እጇን ናት። ላም ያንን ስንቅ ያኖረችው እንገሯ ውስጥ ነው። የጥጃዋ አንጀት ደግሞ ስንቁን እንዳለ ወደ ደም የሚያሳልፍበት በር አለው፤ በሩ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ወለል ብሎ ክፍት ነው፤ ከዚያ እየጠበበ ይሄድና በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ አንድ ገንቦ እንገር ብታጠጫትም ምግብ ይሆናታል እንጂ ጋሻ አይሆናትም። እንግዴ ልጅ እስኪወርድ 12 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። እስኪወርድ ስትጠብቂ በሩ ፊትሽ ላይ እየተዘጋ ነበር። ጥጃዋ ስትጠባ የላሟ ማኅፀን ይኮማተራል፤ ስለዚህ ቀድማ መጥባቷ እንግዴ ልጁ ቶሎ እንዲወርድም ይረዳል።

መጠኑ ከጥጃዋ ክብደት አንድ አሥረኛ ነው። 35 ኪሎ የምትመዝን ድቅል ጥጃ ሦስት ሊትር ተኩል ያስፈልጋታል፤ ግማሹን በተወለደች በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ቀሪውን 6 ሰዓት ሳይሞላ። መጥባት ካልቻለች በጡጦ ስጫት፤ ጭንቅላቷን ቀና አድርጎ በጠርሙስ ማንቆርቆር ወደ ሳንባዋ ያስገባዋል። እትብቷን ወዲያው አዮዲን ንከሪው፤ ብዙ ሞት የሚገባው በዚያች ገመድ ነው። በእንገር የምትቀመጥ ጥጃ የለችም ለማለት አልደፍርም፣ ሰገራዋ ሊላላ ይችላል፤ የሚገድላት ግን እሱ አይደለም።

የተቀቀለ እንገር እኔም እወዳለሁ፤ ልጆችሽን አትከልክያቸው። ድቅል ላም ጥጃዋ ጠጥታ የሚተርፍ እንገር አላት። የተረፈው ድርሻችሁ ይሁን፤ ተራው ግን የጥጃዋ ይቅደም። ማቀዝቀዣ ካለሽ አንድ ሁለት ሊትር በንጹሕ ጠርሙስ አኑሪ፤ እናቷ የሞተች ጥጃ ያላት ጎረቤት በሌሊት በርሽን ታንኳኳለች።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ጎጃም ውስጥ ባደግሁበት ቤት ጥጃ ስትሞት አያቴ ቆዳዋን ገፍፈው በጭድ ይሞሉና ጨው ነስንሰው ላሟ ፊት ያቆሙ ነበር። ላሟ እየላሰች ትታለባለች። ይህን ለ12 ዓመት ልጄ ብነግራት «ይህማ ጭካኔ ነው» አለችኝ። መልስ አጣሁ።
(አንባቢ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅዎ የተናገረችው ከርኅራኄ ነውና በመልካም ይያዙላት። የአያትዎ ላም ግን እዚያ አገር በትልቅ በረት በማሽን እንደሚታለቡት አይደለችም። የአገራችን ላም ጥጃዋን ሳታይ፣ ሳታሸት፣ ሳትልስ ወተቷን አታወርድም። ወተቱ ጡቷ ውስጥ ሞልቶ ሳለ ትይዘዋለች፤ ወተት የሚያወርደው ትእዛዝ ከአንጎሏ የሚወጣው በጥጃዋ ሽታና ግፊት ነው፤ እሱም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቆያል። ጥጃዋ የሞተች ዕለት ሌላ መላ ካልተገኘ ላሟ በጥቂት ቀን ትነጥፋለች። የቤቱ ሕፃናት ወተት፣ የዓመት በዓሉ ቅቤ፣ በወይራ ጭስ የታጠነው ቅል ሁሉ ባዶ ይቀራል።

ላሟ ማዘኗ እውነት ነው። ጥጃ የሞተባት ላም ሌሊቱን ሙሉ ስትጮኽ አድሬ ሰምቻለሁ፤ የሰው ልቅሶ ያህል አንጀት ይበላል። ቆዳውን ሲያቆሙላት ጩኸቷን ትታ ስትልስ ግን አይቻለሁ። አያትዎ ላሟን ያታለሉ ቢመስልም፣ ያላቸውን ብቸኛ ነገር፣ የልጇን ሽታ፣ መልሰው ሰጧት። እኔ ጭካኔ አልለውም። ጭካኔ ያየሁት ወተት የነሳችን ላም በዱላ በሚመቱ ሰዎች ዘንድ ነው፤ የተመታች ላም የፈራች ናት፣ የፈራችም አታወርድም። ለልጅዎ አያትዎ ሲያልቡ በምን ስም ይጠሯት እንደነበር፣ ምን እያሉ እንደሚያባብሏት ይንገሯት። ቆዳው ከዚያ ጋር ነው ትርጉም የሚኖረው።

ጥያቄ፦ የጂሩ ሰንጋ የማደልብ ሰው ነኝ። አባቴ ባወረሰኝ የግጦሽ መሬት ጥግ ከ18 ዓመት በፊት በአባሰንጋ የሞተ በሬ ተቀብሯል። አሁን መሬት ጠቦኛል። ያንን ጥግ ባርሰው ወይም ሰንጋዎቼን ባስርበት ምን አለበት? 18 ዓመት አይበቃም? ክትባቱንስ ሰዎች «ላም ያስወርዳል» ይላሉ።
(አንባቢ፣ ከእነዋሪ)

መልስ፦ አይበቃም፣ ወንድሜ። የአባሰንጋ ተሕዋስ አየር ሲያገኝ ጠንካራ ቅርፊት ይለብሳል፤ እንዲህ ሆኖ በአፈር ውስጥ አሥርት ዓመታት ይኖራል። ማረሻህ የሚያወጣው እሱን ነው። በሬ ከዚያ ሲግጥ፣ በተለይ ከበጋ በኋላ ሣሩ አጥሮ አፈሩን አብሮ ሲለቅም፣ ይውጠዋል። ጠዋት ደህና የነበረ ሰንጋ ማታ ሞቶ ታገኘዋለህ፤ ከአፍንጫውና ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም ይፈስሳል።

ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት እንዲህ ወደሞተ በሬ ተጠርቼ ነበር። ስደርስ ተገፍፎ፣ ተቆራርጦ፣ ቅርጫው ተከፋፍሏል። ጣፊያው አብጦ ጠቁሮ በኮባ ቅጠል ላይ ተቀምጦ አየሁት፤ እግሬ ከዳኝ። ቤት ለቤት እየዞርሁ ሥጋውን ስለምን አመሸሁ። አንዳንዱ ቤት ከእሳት ላይ አወረዱልኝ፤ አንዳንዱ ቤት ተበልቷል። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። በሬ የሞተበት ሰው የዓመት እርሻው አብሮ ይሞታል፤ ጎረቤት ሥጋውን በገንዘብ የሚካፈለው ለእሱ አዝኖ ነው። በሳምንቱ አምስት ሰዎች እጃቸው ላይ መካከሉ ጥቁር የሆነ፣ የማያም ቁስል አወጡ። ቶሎ ጤና ጣቢያ የሄዱት አራቱ በመድኃኒት ዳኑ። በሬውን የገፈፉት አባት «አያመኝም» ብለው ዘገዩ። የእሳቸውን ለቅሶ ተቀምጫለሁ።

ክትባቱ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ከብቱን ሁሉ አስከትብ። ከክትባቱ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት አትረድ፣ አትሽጥ፤ በተከተበበት ሰሞን ሌላ መድኃኒት እንዳይወጋም ለባለሙያው ንገረው። ያስወርዳል የሚሉህን ሰዎች «ደስታ» ስለሚባለው የከብት በሽታ ጠይቃቸው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የአገሪቱን ከብት ጨርሶ ሊያጠፋው የደረሰው፣ ገበሬውን ያለ በሬ አስቀርቶ ክፉ ቀን ያመጣው እሱ ነበር። ዛሬ ከምድር ላይ የለም፤ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ለዓለም ታወጀ። ያጠፋው በየጋራው በየሸንተረሩ እየተዞረ የተሰጠ ክትባት ነው፤ እኔም በትከሻዬ የክትባት ሣጥን ይዤ ከዞሩት አንዷ ነኝ።

ጥጉን በድንጋይ ካብ እጠረው፤ ካቡ ላይ እሾህ ጨምርበት። ከውስጡ ሣር አትጨድ፣ ኩበትም አትልቀም፤ ጎርፍ እንዳያጥበው ከላይ ውሃውን ቀልብስ። ዛፍም አትትከልበት፤ መትከል መቆፈር ነውና። ልጆችህን እዚያ ወስደህ ቦታውን በዓይናቸው አሳያቸው፤ በሬው የተቀበረበትንም ዓመት ንገራቸው።